የመንግሥት ድጋፍ፣ የኢኮኖሚ ጥቅምና የምርጫ ድምፅ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምርጫ ሲቃረብ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ነዋሪው ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች ብዙዎቹ ከመንግሥት የሚገኘው ስንዴ፣ የሴፍቲኔት ክፍያ፣ ብድር፣ የመሥሪያ ሼድ ወይም የቤት መሥሪያ ቦታ ከሚሰጠው ድምፅ ጋር ምን እንደሚያገናኘው የሚመለከቱ ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ማንን መምረጥ እንደሚገባ አይናገሩም፤ ድጋፍ የመራጩን ውሳኔ መቼ እንደሚነካና መቼ እንደማይነካ፣ ሕጉስ ምን እንደሚል ብቻ ያብራራሉ።

የመንግሥት ድጋፍ ሲባል ምን ምን ይጨምራል?

በከተማው ብዙ ሰው የሚያውቀው ሴፍቲኔትን ነው። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በአገሪቱ ከተመረጡት 11 ከተሞች አንዷ ደሴ ነበረች። መሥራት የሚችሉ የቤተሰብ አባላት በጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማትና በመሳሰሉት የማኅበረሰብ ሥራዎች ተሰማርተው ይከፈላቸዋል፤ መሥራት የማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሕመምተኞች ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። የገጠሩ ሴፍቲኔት ከዚህ ይቀድማል፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ወሎ ወረዳዎች የሚኖሩ ገበሬዎች ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን በእርከንና በመንገድ ሥራ እየዋሉ እህል ወይም ገንዘብ ሲቀበሉ ቆይተዋል።

ድጋፍ ግን ለችግረኛ በሚሰጥ ስንዴና ዘይት ብቻ አይወሰንም። በሸማቾች ማኅበር በኩል የሚከፋፈለው ስኳር፣ ለተደራጁ ወጣቶች የሚሰጠው ተዘዋዋሪ ብድር፣ ለመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚሰጠው ቦታ፣ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ተፈቅዶ የነበረው የነዳጅ ድጎማ፣ ለመንግሥት ሠራተኛ የሚደረገው የደመወዝ ማስተካከያ ሁሉ ከአንድ ካዝና የሚወጡ ናቸው። በምርጫ ረገድ አንዱን ከሌላው የሚለየው የገንዘቡ መጠን አይደለም፤ ማን እንደሚያገኝ የሚወስነው በጽሑፍ የተቀመጠ መስፈርት ነው ወይስ ዝርዝሩን የያዘው ሰው ነው የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ብዙዎቹ መልሶች ወደዚህ ነጥብ የሚመለሱት ስለዚህ ነው።

ሴፍቲኔቱ የፓርቲ ነው ወይስ የመንግሥት?

የመንግሥት ነው፤ የመንግሥት ብቻም አይደለም። የከተማው ፕሮግራም መጀመሪያ ሲነደፍ ከተመደበለት 450 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ 300 ሚሊዮኑ ከዓለም ባንክ፣ 150 ሚሊዮኑ ከኢትዮጵያ መንግሥት የተያዘ ነበር። ይህ ገንዘብ ለአገሪቱ የመጣ ነው እንጂ ለየትኛውም ድርጅት የመጣ አይደለም።

ሕገ መንግሥቱም ጉዳዩን እንደ ቸርነት አይመለከተውም። አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 የአካል ጉዳተኞችን፣ የአረጋውያንንና ያለ ወላጅ የቀሩ ሕፃናትን መርዳት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን የመንግሥት ኃላፊነት መሆኑን ይደነግጋል። አንቀጽ 89 ደግሞ መንግሥት የተፈጥሮና ሰው ሠራሽ አደጋ እንዳይደርስ እንዲከላከል፣ ከደረሰም ለተጎጂው በወቅቱ እንዲደርስለት ያስገድደዋል። የአንድ ቅሬ (እድር) ገንዘብ ያዥ ሐዘን ለደረሰበት አባል የሚገባውን ሲከፍል ከኪሱ እንዳልሰጠ ሁሉም ያውቃል፤ በሚቀጥለው የቅሬው ዳኛ ምርጫ እኔን ምረጠኝ ቢል የሚሰማው አይኖርም። የቀበሌ ሠራተኛም ከዚህ የተለየ ሥልጣን የለውም።

ሴፍቲኔት ተጠቃሚ የሆነ ሰው ገዢውን ፓርቲ የመምረጥ ግዴታ አለበት?

የለበትም። ጨርሶ ያለመምረጥም መብቱ ነው። ሥራውን በሚገባ እስከሠራና የተጠቃሚነት መስፈርቱን እስካሟላ ድረስ የፖለቲካ አቋሙ ከክፍያው ጋር የሚያያዝበት አንድም የሕግ መሠረት የለም።

ማንን እንደመረጥኩ ሊታወቅ ይችላል?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ምክንያቱም ድጋፍን በድምፅ የሚመነዝር ሰው ድምፁ የት እንደገባ ማወቅ ካልቻለ ማስፈራሪያው ባዶ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ምርጫ ሁሉን አቀፍና በምስጢር ድምፅ አሰጣጥ የሚካሄድ መሆኑን አስቀምጧል። በምርጫ ጣቢያ የመራጩ ስም ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል፣ ጣቱ ላይ ቀለም ይደረጋል፣ የድምፅ መስጫ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ከዚያም ብቻውን ወደ ምስጢር ድምፅ መስጫው ገብቶ ምልክት ያደርግና አጥፎ ሳጥን ውስጥ ይከታል። በወረቀቱ ላይ የመራጩ ስም አይጻፍም። ሳጥኑ ሲከፈት ወረቀቶቹ ተቀላቅለው ስለሚቆጠሩ የማንኛው ወረቀት ባለቤት ማን እንደሆነ ቆጣሪውም ሊያውቅ አይችልም።

ሆኖም ምስጢር ያልሆኑ ሁለት ነገሮች አሉ፤ እነርሱንም ሳይደብቁ መናገር ያስፈልጋል። አንደኛው ሰው መምረጡና አለመምረጡ ነው፤ ጣት ላይ ያለው ቀለም ለማንም ይታያል። በመሆኑም «ውጣና ምረጥ» የሚለው ግፊት ከ«እገሌን ምረጥ» ይልቅ ለመቆጣጠር ይቀላል። ሁለተኛው የጣቢያው ድምር ውጤት ነው። አንድ ጣቢያ የሚያስተናግደው ቢበዛ 1,500 መራጭ ሲሆን ውጤቱ እዚያው ተቆጥሮ በጣቢያው ይለጠፋል። ይህ ማጭበርበርን ለመከላከል የተደረገና ሊመሰገን የሚገባው አሠራር ነው፤ ነገር ግን በደሴ ሸዋ በር ወይም ሆጤ ያለ አንድ ጣቢያ ያለበት ሰፈር በጥቅሉ ወዴት እንዳዘነበለ ለሁሉም ግልጽ ይሆናል። የግለሰብ ድምፅ ይሰወራል፣ የሰፈር ድምፅ ግን አይሰወርም። ስለዚህ መንገድ፣ የውኃ መስመር ወይም የመብራት ትራንስፎርመርን የመሰለ ለሰፈር በጅምላ የሚሰጥ ነገር ለአንድ ቤት ከሚሰጠው ስንዴ ይልቅ ለፖለቲካ ስሌት የተጋለጠ ነው።

ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንሥተህ አሳየኝ የሚል ሰው ከተገኘ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ ራሱ የምስጢር መብትን መጣስ ነው፤ ማንም እንዲያሟላው አይገደድም።

ድጋፍ በእርግጥ ድምፅ ይገዛል? ጥናቶችስ ምን ይላሉ?

መልሱ እንደ አገሩና እንደ ድጋፉ ዓይነት ይለያያል፤ አንዱን ጥናት ብቻ ይዞ መከራከርም አያዋጣም።

ውጤቱ ግልጽ ሆኖ የወጣው በኡራጓይ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለችግረኛ ቤተሰቦች የገንዘብ ድጋፍ ሲሰጥ ተጠቃሚው በገቢ ነጥብ ነበር የሚለየው። ከመቁረጫው ነጥብ በጥቂቱ የዘለሉትና በጥቂቱ የቀሩት ሰዎች በኑሮ የማይለያዩ በመሆናቸው ማወዳደሩ ቀላል ነበር፤ ድጋፉን ያገኙት መንግሥቱን የመደገፋቸው ዕድል ካላገኙት ከ11 እስከ 13 መቶኛ ነጥብ በልጦ ተገኝቷል። በሜክሲኮ ግን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው የገንዘብ ድጋፍ ቀድሞ የደረሳቸው መንደሮች በ2000ው ምርጫ ለገዢው ፓርቲ የበለጠ ድምፅ ሰጥተዋል የሚል ጥናት ወጥቶ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ መረጃውን እንደገና የመረመሩ ሌሎች ምሁራን ግን እንዲህ ያለ ውጤት አላገኙበትም።

ለእኛ ቅርብ የሆነው የኡጋንዳው ነው፤ ከሁሉም የሚያስገርመውም እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በሰሜን ኡጋንዳ ለተደራጁ ወጣቶች ለሙያ ሥልጠናና ለመሣሪያ መግዣ ገንዘብ ተሰጠ፤ አመልካቹ ከገንዘቡ በላይ ስለነበር ተቀባዮቹ በዕጣ ተለዩ። በ2011ዱ ምርጫ ሲታይ ዕጣ የወጣላቸው ወጣቶች ገቢያቸው ቢያድግም ለገዢው ፓርቲ አላደሉም፤ እንዲያውም ዕጣ ካልወጣላቸው ይልቅ ለተቃዋሚ የመቀስቀስና የመምረጥ ዝንባሌያቸው ከፍ አለ። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ በራሱ ገቢ የሚተዳደር ሰው የካድሬን ፊት ማየት ስለሚቀርለት እንደልቡ ይመርጣል የሚል ነው። በብራዚል ደረቃማ ሰሜን ምሥራቅም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ገንዳ የተሠራላቸው ቤተሰቦች ፖለቲከኞችን የግል ውለታ መጠየቅ ቀንሰዋል፣ ለነባር ከንቲባዎች የሚሰጠውም ድምፅ ቀንሷል።

ከእነዚህ ጥናቶች አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። በየወሩ ከአንድ ሰው እጅ የሚጠበቅ ድጋፍ ተቀባዩን ለሰጪው ያሳስረዋል፤ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ሰውን የሚያቋቁም ድጋፍ ደግሞ ያላቅቀዋል። ከሴፍቲኔት የሚመረቁ፣ ማለትም ራሳቸውን ችለው የሚወጡ ቤተሰቦች መቋቋሚያ ገንዘብ እንዲሰጣቸው መደረጉ የፕሮግራሙ ኢኮኖሚያዊ ዓላማ ቢሆንም ፖለቲካዊ ትርፍም አለው፤ ለመራጩ ማለት ነው።

ማንም ሳያስገድደው ለሰጠው ወገን የሚመርጥ ሰው ለምን ይበዛል?

ምክንያቶቹ ሁለት ሆነው ሳለ አብዛኛውን ጊዜ ተቀላቅለው ይነገራሉ። አንዱ ውለታ ነው። የወሎ ሰው ውለታ አይረሳም፤ ያበላውን የሚክድ ወጪት ሰባሪ ይባላል፣ ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል ተብሎ ይተረትበታል። ይህ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል መልካም ባህል ነው። የሕዝብ ገንዘብ ሲከፋፈል ግን ተረቱን የሚያነሣው ሰው መጀመሪያ ሊመለስለት የሚገባው ጥያቄ አለ፤ ማን ነው ያበላው? አረጋዊቷ እናታችን ከሰኞ ገበያ ሳሙና ሲገዙ የከፈሉት ታክስ በዚያ ስንዴ ውስጥ አለ።

ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ፍርሃት ደግሞ ማስፈራሪያ አያሻውም። ዝርዝሩ በምን መስፈርት እንደሚወጣ ያላወቀ ሰው ማንም ምንም ሳይለው ራሱ ይጠነቀቃል፤ ስብሰባ ይገኛል፣ መዋጮ ያወጣል፣ አስተያየቱን ይውጣል። በኢሕአዴግ ዘመን ነዋሪው በአንድ ለአምስት ተደራጅቶ ስለነበር ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቀዋል የሚለው ስሜት እስከ ዛሬ በብዙዎች ልብ አለ። አደረጃጀቱ ቢፈርስም የተወው ልማድ ቶሎ አይፈርስም፤ በዚህ ጸሐፊ እይታ ዛሬ ለሚታየው ጥንቃቄ ከየትኛውም የአሁን ካድሬ ይልቅ ይህ ትዝታ ድርሻው ይበዛል።

በኢትዮጵያ ዕርዳታ ለፖለቲካ ዋለ የሚለው ክስ ከመቼ ጀምሮ ነው?

ክሱ ጎልቶ የወጣው ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ተቃዋሚዎች ያልተጠበቀ ድምፅ ካገኙበት ከዚያ ምርጫ በኋላ ገዢው ግንባር መዋቅሩን ወደ ታች ዘረጋ፤ በ2000 ዓ.ም. በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት መቀመጫ 300 ደርሶ በአገር አቀፍ ደረጃ 3.6 ሚሊዮን ገደማ መቀመጫ ለውድድር ቀረበ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉንም የወሰደው ገዢው ግንባር ነበር። እንግዲህ ስንዴ፣ ማዳበሪያና ብድር የሚያልፉት በዚሁ ቀበሌ በኩል ነው። በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው ጠቅላላ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች 545ቱን ካሸነፉ ከጥቂት ወራት በኋላ ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብዓዊ መብት ድርጅት ባወጣው ሪፖርት ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ ብድርና ሴፍቲኔት ለተቃዋሚ ደጋፊዎች ተከልክለዋል ሲል ከሰሰ። መንግሥት ክሱን አስተባበለ፤ የለጋሾች ቡድንም የፕሮግራሞቹ አሠራር መከላከያ እንዳለው የሚገልጽ የራሱን ግምገማ አቀረበ።

የሪፖርቱንና የማስተባበያውን ሚዛን አንባቢው ይፍረድ። ለዛሬ የሚጠቅመው ግን ክርክሩ ራሱ የሚያሳየው የመዋቅር ችግር ነው። የፓርቲ ጉዳይ የሚመራውና የተጠቃሚ ስም የሚያጸድቀው ሰው አንድ ሲሆን ሰውየው ቅን ቢሆን እንኳ ተቀባዩ ሁለቱን ሥራዎች ለይቶ ሊያይ አይችልም።

ረሃብና ምርጫ ምን ያገናኛቸዋል? ወሎ ለምን በምሳሌነት ይጠቀሳል?

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረሃብ በዓለም የኢኮኖሚ ጥናት ውስጥ የሚታወቀው በሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር በአማርትያ ሴን ሥራ ነው። ሴን እንዳሳየው በዚያ ወቅት በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ የሕዝቡን እልቂት በሚመጥን መጠን አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይጫን ነበር። ገበሬው አዝመራውም ከብቱም አልቆበት የሚገዛበት ስላልነበረው ዋጋው የሚንርበት ምክንያት አልነበረም። በዚህ ትንታኔ ላይ የመንገድ እጦትንና የገበያውን መበጣጠስ በማንሣት የተከራከሩ ምሁራን አሉ፤ ነገር ግን ረሃብ የእህል እጥረት ብቻ አለመሆኑን ያሳየበት ነጥብ ጸንቷል።

ሴን በኋላ የደረሰበት ድምዳሜ ከርእሳችን ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ ነፃ ምርጫና ነፃ ፕሬስ ባለበት አገር ትልቅ ረሃብ አይደርስም ይላል፤ በምርጫ የሚወርድ መንግሥት ሕዝብ ሲራብ ዝም ማለት አይችልምና። በዘውዱ ዘመን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ ነበር፤ ፓርቲ ግን አልነበረም፣ ዕጩ ለመሆንም ንብረት ይጠየቅ ነበር። የወሎ ገበሬ ድምፅ አዲስ አበባ ላይ ማንንም አያስደነግጥም ነበር። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ደግሞ ዕርዳታና ሠፈራ አብረው ሄዱ፤ በዚያ ዘመን ስሙን ለስንዴ ያስመዘገበ ሰው በሠፈራ ዝርዝር ውስጥ ራሱን ሊያገኝ ይችል ነበር። ስም ሲመዘገብ አንዳንድ አዛውንቶች የሚሳሱት ከዚህ የተነሣ ቢሆን አይደንቅም።

እዚህ ላይ መራጩንም የሚነካ ነገር አለ። በአሜሪካ የተደረገ ጥናት መራጮች አደጋ ከደረሰ በኋላ ዕርዳታ ያከፋፈለን መንግሥት በድምፃቸው እንደሚሸልሙ፣ አደጋውን አስቀድሞ ለመከላከል ገንዘብ ያወጣውን ግን እንደማይሸልሙ አሳይቷል፤ ለመከላከል የወጣ አንድ ዶላር ወደፊት ከሚደርስ ጉዳት 15 ዶላር ገደማ የሚያድን ሆኖ ሳለ ማለት ነው። በጦሳ ተራራ ግርጌ የጎርፍ መውረጃ የሠራ አስተዳደር ጎርፉ ስለማይመጣ አይታወስም። ጎርፉ ከመጣ በኋላ ብርድ ልብስ ያደለው ግን በቴሌቪዥን ይታያል። ፖለቲከኛው ወደ ብርድ ልብሱ ቢያዘነብል ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም።

የደመወዝ ጭማሪ፣ የነዳጅ ድጎማና ኮብልስቶንስ እንደ ድምፅ መግዣ ይቆጠራሉ?

አይቆጠሩም፤ ለሁሉም በእኩል መስፈርት እስከተሰጡ ድረስ። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲስተካከል በየእርከኑ ያለ ሠራተኛ ሁሉ ያገኛል፤ ማንን እንደመረጠ አይጠየቅም። በ2014 ዓ.ም. የተጀመረው የታለመለት የነዳጅ ድጎማም ለተመዘገቡ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች በሙሉ የተፈቀደ ነበር። መንግሥት ፖሊሲ አውጥቶ ተጠቃሚው ወደደው ወይም ጠላው ብሎ በድምፁ መልስ መስጠቱ የምርጫ ትርጉሙ ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም እንዲሁ ነው፤ ዋጋው የናረበት ሸማችና በተሻለ ምንዛሪ የሸጠ ላኪ አንድ ዓይነት ፍርድ አይሰጡም።

የጊዜው ጉዳይ ግን ያጠያይቃል። በብዙ አገሮች እንደታየው መራጭ ሙሉውን የሥልጣን ዘመን ከመመዘን ይልቅ ለምርጫው በተቃረበው ዓመት የነበረውን ኑሮ ያስታውሳል። ገዢዎችም ይህን ስለሚያውቁ የመሠረት ድንጋዩም ምረቃውም ወደ ምርጫው ሰሞን ይሰበሰባል። ኮብልስቶን የተነጠፈበት መንገድ ለቀጣዩ አምስት ዓመት ጠቃሚ ነውና መቃወም አያስፈልግም፤ በጀቱ መቼ ተያዘ፣ ነዋሪው ያዋጣው ስንት ነው፣ ከዚህ ቀደም ለምን ዘገየ ብሎ መጠየቅ ግን ይቻላል።

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክና ፋብሪካዎቹ በዚህ ውስጥ ይገባሉ?

በከፊል ይገባሉ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ፓርክ የሥራ ዕድል ተስፋ ይዞ የመጣ ቢሆንም የሠራተኛው ዕጣ የተወሰነው በከተማው አስተዳደር ብቻ አልነበረም፤ የሰሜኑ ጦርነት ኮምቦልቻ ገባ፣ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶም ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የአጎዋ ቀረጥ ነፃ ዕድል ታገደች። ሥራ ያጣች የልብስ ስፌት ሠራተኛ ማንን በድምፅዋ ትጠይቅ? ከንቲባውን፣ ፌዴራል መንግሥቱን ወይስ ዋሽንግተንን? ተጠያቂው ለመራጩ በማይለይበት ቦታ ድምፅ ኢኮኖሚውን የመቅጣትም የመሸለምም ኃይሉ ይደክማል። በግል ፋብሪካ የተቀጠረ ሰው ደመወዙ ከቀበሌ ስለማይመጣ በአንጻሩ ከሴፍቲኔት ተጠቃሚው ይልቅ ነፃ ነው፤ ቅጥሩ ራሱ በቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጀምር ከሆነ ግን ነፃነቱ ይሸራረፋል።

በጦርነቱ ወቅት የነበረው ዕርዳታስ? ተፈናቃይ መምረጥ ይችላል?

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደሴ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎችን አስጠልላ ነበር፤ ከዚያ ራሷም በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብታ በኅዳር መጨረሻ ነበር የተለቀቀችው። በኮምቦልቻ የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጋዘኖች በመዘረፋቸው በሁለቱ ከተሞች የምግብ ሥርጭት እንዲቆም ተደርጎ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ዕርዳታ ለሌላ ዓላማ ውሏል በሚል የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ የምግብ ዕርዳታ አቋርጠው ለወራት ቆዩ። እነዚህ ክስተቶች ከምርጫ ጋር በቀጥታ ባይገናኙም አንድ ነገር አስተምረዋል፤ ዕርዳታው የሚመጣበትም የሚቀርበትም ምክንያት ከቀበሌው ሊቀ መንበር ቁጥጥር ውጭ ሊሆን ይችላል። «ካልመረጣችሁን ስንዴው ይቀራል» የሚል ሰው የሌለውን ሥልጣን እየጠራ ሊሆን ይችላል።

ተፈናቃይ የመምረጥ መብቱን አያጣም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1162፣ ለተፈናቃዮች ልዩ የምርጫ ጣቢያ የሚቋቋምበትን መንገድ ይዟል።

ጥቅሜን አስቤ ብመርጥ ነውር ነው?

አይደለም። ሴፍቲኔት እንዲቀጥል የሚፈልግ ሰው ሴፍቲኔት አስቀጥላለሁ የሚለውን ቢመርጥ ከነጋዴው በምንም አይለይም፤ ነጋዴውም ግብር እቀንሳለሁ ያለውን ይመርጣል። ድኻው ሲያደርገው ሆዳምነት፣ ባለሀብቱ ሲያደርገው ፖሊሲ መባሉ አድልዎ ነው። መራጩ ሊለየው የሚገባው «ብመረጥ ይህን ለሁሉም አደርጋለሁ» የሚለውን ተስፋና «ለእኔ ብትመርጥ ለአንተ ይህን እሰጥሃለሁ» የሚለውን ውል ነው። የመጀመሪያው የምርጫ ክርክር ነው፣ ሁለተኛው ወንጀል ነው።

ገንዘብ ቢሰጠኝ ወይም ከዝርዝር ትሰረዛለህ ብባል ሕጉ ምን ይላል?

በስጦታ፣ በጥቅም ተስፋ ወይም በማስፈራራት ድምፅ ማግኘትም ሆነ ማስቀየር በወንጀል ሕጉ የሚያስቀጣ ተግባር ነው፤ የመንግሥት ንብረትንና ሥልጣንን ለፓርቲ ቅስቀሳ ማዋልም በምርጫ ሕጉ የተከለከለ ነው። የመንግሥት ተሽከርካሪ፣ አዳራሽ ወይም የሥራ ሰዓት ለአንድ ወገን ቅስቀሳ መዋሉን ያየ ነዋሪ አቤቱታውን ለምርጫ ቦርድ የምርጫ ክልል ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይችላል። ገንዘቡን የተቀበለ ሰው ቢኖር እንኳ ድምፁ አይታሰርም፤ ምስጢር ድምፅ መስጫው ውስጥ ከገባ በኋላ ቃል ኪዳኑን የሚያስፈጽምበት ሰው የለም። መሐላ የገቡ ሰዎች ይህን መልስ እንደማይወዱት ይታወቃል፤ የመሐላውን ነገር ከሃይማኖት አባቶቻቸው ጋር ቢማከሩበት ይሻላል።

ስሜ ከተጠቃሚዎች ዝርዝር ቢሰረዝ ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ የተሰረዘበትን ምክንያት በጽሑፍ መጠየቅ ነው። በሴፍቲኔት አሠራር ችግረኞች የሚለዩት ከነዋሪው በተውጣጣ ኮሚቴ ሲሆን ረቂቅ ዝርዝሩም ነዋሪው አስተያየት እንዲሰጥበት በይፋ መለጠፍ አለበት። ካልተለጠፈ ይህ ብቻውን ለቅሬታ በቂ ምክንያት ነው። ቅሬታው ለቀበሌው የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ይቀርባል፤ መልስ ካልተገኘ ወይም መልሱ ካላረካ ወደ ክፍለ ከተማውና ወደ ከተማ አስተዳደሩ ይቀጥላል፤ አስተዳደራዊ በደል ነው ተብሎ ከታመነ የእንባ ጠባቂ ተቋምም ያየዋል።

ማመልከቻ ሲጻፍ «በፖለቲካ ምክንያት ተሰረዝኩ» ብሎ ከመጀመር ይልቅ የቤተሰብ ብዛትን፣ ገቢን፣ የጤና ሁኔታን በመዘርዘር መስፈርቱን የማሟላ ሆኜ ሳለ ወጣሁ ማለት ይበልጥ ያዋጣል፤ ምክንያቱም ኮሚቴው የሰውን ዝንባሌ መመርመር አይችልም፣ ከመስፈርቱ ጋር ማመሳከር ግን ግዴታው ነው። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን ማስመታት ያስፈልጋል። ክፍያው በባንክ ሒሳብ የሚገባ ከሆነ የባንክ ደብተሩ ወይም የሒሳብ መግለጫው ክፍያው የቆመበትን ወር ስለሚያሳይ አብሮ ይያያዝ፤ ወሩ ከምርጫው ቀን ጋር ያለው ርቀትም ከዚያው ይነበባል።